የኦአሲስ የአገልግሎት-ተኮር አርክቴክቸር ማጣቀሻ ሞዴል፦ የሰነድ ግምገማ

አገልግሎት-ተኮር የሶፍትዌር ሥርዓት (ሥራው እርስ በርስ በሚጠራሩ አገልግሎቶች የተከፋፈለ ሥርዓት) በሚገነቡ ቡድኖች መካከል የሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ከቃላት አጠቃቀም የሚመነጭ ነው። በስብሰባ ላይ «ውሉ ተቀይሯል» ሲባል ፕሮግራመሩ የኢንተርፌሱን (ፕሮግራሞች የሚገናኙበትን በር) መግለጫ ፋይል ከፍቶ የተለወጠውን ይፈልጋል፤ የሥራ ኃላፊው ግን ስለ ምላሽ ፍጥነትና ስለ ክፍያ የተፈረመውን ስምምነት ያስባል፤ ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው ይለያያሉ። ኦአሲስ የተባለው የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው ይህ ማጣቀሻ ሞዴል፣ ማለትም የጋራ ጽንሰ-ሐሳቦችንና ትርጓሜዎችን የሚያስቀምጥ ሰነድ፣ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የሰነዱ ትልቁ ጥንካሬ አገልግሎትን ከአቅም መለየቱ ነው። አቅም ማለት ሥራውን የማከናወን ችሎታ ሲሆን፣ አገልግሎት ደግሞ በተወሰነ ኢንተርፌስ በኩል፣ በተገለጹ ገደቦችና ፖሊሲዎች መሠረት ወደዚያ አቅም የሚያደርስ መንገድ ነው። ሰነዱ ይህን በኤሌክትሪክ ያስረዳል፦ ኃይል የማመንጨትና የማከፋፈል ችሎታው አቅም፣ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ኢንተርፌስ፣ በቆጣሪ ተለክቶ በታሪፉ መሠረት መክፈል ደግሞ ፖሊሲ ነው። ልዩነቱ ተራ ቢመስልም፣ ከጀርባ ያለው ዳታቤዝ ሙሉ በሙሉ ሲተካ «አገልግሎቱ ተቀየረ ወይስ አልተቀየረም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዚሁ ነው። ከላይ ያነሳሁት የውል ጉዳይም እልባት ያገኛል፤ ፖሊሲ አንድ ወገን የሚያስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ ሲሆን፣ ውል ግን ሁለትና ከዚያ በላይ ወገኖች የተስማሙበት ነው።

ሰነዱ አጭር ነው፣ በነጻ ይገኛል፣ ከየትኛውም የተለየ ቴክኖሎጂ ጋርም አልተቆራኘም። ይህ ገለልተኝነት ዕድሜውን አርዝሞለታል፤ ንባቡን ግን አድርቆታል። አንድ አገልግሎት ምን ያህል ሰፊ ወይም ጠባብ መሆን እንዳለበት አይነግረንም፤ በእኔ ግምት ይህ ዋነኛ ጉድለቱ ነው፣ ምክንያቱም በኋላ ማይክሮሰርቪስ (ሥርዓትን በትናንሽ ራሳቸውን የቻሉ አገልግሎቶች የመገንባት ስልት) ሲስፋፋ በብርቱ ያከራከረው ይኸው የመጠን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዚሁ አርክቴክቸር ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ/አይኢሲ 18384፣ የመጀመሪያ ክፍሉን ለቃላትና ለጽንሰ-ሐሳቦች መስጠቱም የቃላቱ ጉዳይ በአንድ ሰነድ እንዳልተቋጨ ያሳያል።

ሰነዱን ለጀማሪ ፕሮግራመር አልመክርም። በተለያዩ ድርጅቶች መካከል የሥርዓት ትስስር ለሚነድፉ አርክቴክቶች ግን፣ ትርጓሜዎቹን በሚፈራረሙት የቴክኒክ ስምምነት ላይ እንደ አባሪ ቢያያይዟቸው ብዙ ድካም ይቀንሱላቸዋል።