በከዚራ ያለች አንዲት ቁርስ ቤትና የጠዋት ድካም

በድሬዳዋ የሌሊቱ ሙቀት ሲበረታ ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያስፈልገውን ያህል ስለማይቀዘቅዝ፣ ለ8 ሰዓት ያህል ተኝቶም ደክሞ መነሳት ለብዙዎቻችን የተለመደ ነው። እኔም ይህን ድካም በባዶ ሆድ በምጠጣው ቡና ለማባረር ለወራት ስሞክር ቆይቼ፣ በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ቁርስ ቤት ደንበኛ ከሆንኩ ወዲህ ጠዋቴ ተለውጧል። ፉሉ በደንብ የበሰለ፣ ዘይቱ ያልበዛ፣ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የታጀበ ነው፤ የባቄላው ፕሮቲንና አሰር ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ እስከ ምሳ ያቆየኛል። ፈጢራው በእንቁላልና በማር ሲቀርብ እጅግ ይጣፍጣል፤ ሥራ በሚበዛበት ቀን ግን አልመርጠውም፣ ከበላሁት በኋላ እንቅልፍ ይጫጫነኛልና። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ፣ ገና ሳይታዘዝ የሚቀርበው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሌሊቱን በላብ ብዙ ፈሳሽ ለሚያጣ ሰው ከድካሙ ከፊሉ ጥማት ሊሆን ይችላል። ቡናቸውም መልካም ነው፤ ሆኖም ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ከቀትር በኋላ አልጠጣውም። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፦ በራቸው ከጠዋቱ 1፡30 በፊት አይከፈትም፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ሥራውን መጀመር ለሚፈልግ የከተማችን ሰው 12 ሰዓት ላይ ቢከፍቱ ትልቅ ውለታ በዋሉልን ነበር።