የልጆች የዕፅዋት መጭመቂያ፦ ግዙት፣ መለያ ወረቀቱን ግን ራሳችሁ ሥሩ

ትንሽ ልጅ ያላችሁ ይህን አንብቡት። ለ6 ዓመቷ ልጄ ከአንድ የልጆች ዕቃ መደብር የዕፅዋት መጭመቂያ ገዝቼላት ነበር። አበባና ቅጠል ጠፍጥፎ ማድረቂያ ነው፤ ዕቃው ቀላል ነው። ሁለት የእንጨት ሰሌዳ፣ መሃል የሚገቡ ካርቶኖችና ወረቀቶች፣ ማዕዘኖቹ ላይ የሚጠብቁ ብሎኖች። አለቀ።

የወደድኩት እውነተኛ መሣሪያ መሆኑን ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ዛሬም ጫካ ሲገቡ ይህንኑ ነው የሚይዙት፣ የእነሱ ይተልቃል እንጂ። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች እንዲህ ተጨምቀውና ደርቀው ተቀምጠዋል፤ እነ የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የደከሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ምዝገባም በእንዲህ ዓይነት ናሙናዎች ላይ የቆመ ነው። ይህን ስነግራት ልጄ "ማን ለቀማቸው?" አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው ከናሙናው ጋር በሚቀመጠው መለያ ወረቀት ላይ ነው።

ቅር ያለኝም እዚሁ ላይ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው መለያ በቢራቢሮ ሥዕል ተሞልቶ ለተክሉ ስም ብቻ ነው ቦታ የተወለት። የት ተለቀመ? መቼ? ማን ለቀመው? አንዱም የለም። የት እንደተገኘ ያልተጻፈበት ናሙና እኮ ለተመራማሪ ብዙም አይረባም! ቀለሙም ሲደርቅ ስለሚለወጥ አበባው ትኩስ እያለ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ከደብተር ወረቀት ቆርጠን የራሳችንን ሠራን፤ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የለቃሚውን ስም ግን ራሷ ናት የምትጽፈው።

አብሮት የሚመጣው ወረቀት አይበቃም። ጋዜጣ ጨምሩበት፣ መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ቀይሩት፣ አለዚያ ይሻግታል። አደይ አበባ ስስ ስለሆነች አምራ ትደርቃለች። ሬት ግን ውሃ ስለሚይዝ ይበሰብሳል። ቁልቋል ጭራሽ አታስነኳቸው፣ ወተቱ ዓይን ይጎዳል። ብሎኑን ለማጥበቅ የልጅ እጅ አቅም ስለሚያንሰው አጠገባቸው ሁኑ።

ገና 3 ዓመት ለሆነው ልጅ አልመክረውም፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ይከብደዋል። ለትልልቆቹ ግን ሳታመነቱ ግዙ፣ ከተቻለ መስከረም ሳይገባ።