በአዳማ የሚሠራው የፕራዶ ፖርቶመጋላ፦ ፍርግርጉ አያሳፍርም፣ እግሩ ግን ይታይ

አዳማ ላይ የፕራዶን የፋብሪካ ሐዲድ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ በግራና በቀኝ የተዘረጋውን ዘንግ፣ አንስቶ በልክ የተሠራ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) የሚገጥም ብየዳ ቤት አይጠፋም። ፍርግርጉን ብቻ ካያችሁ ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ማዕዘኑ ጠብቋል፣ ብየዳው በግራይንደር ተልጓል፣ ጥቁሩ ቀለም ያብረቀርቃል። ችግሩ ያለው ፍርግርጉን ከጣሪያው ጋር የሚያገናኘው እግር ላይ ነው። ደንበኛው ዋጋ ሲደራደርም ሥራውን ሲረከብም የሚያየው ላዩን ስለሆነ፣ ሠሪውም ልቡን የሚሰጠው እዚያው ነው።

ከክብደቱ እንጀምር። የተለመደው ዕቃ 25 በ25 ሚሊ የሆነ፣ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው የብረት ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን ቱቦ) ነው። 1.9 ሜትር በ1.2 ሜትር የሚሆን ፍርግርግ ባለ 6 ሜትሩን ቱቦላሬ ሦስት ያህል ይጨርሳል። ሜትሩ 1.1 ኪሎ ስለሚመዝን ፍርግርጉ ብቻውን 20 ኪሎ ይሆናል፤ እግርና ብሎን ሲጨመርበት 25 ይገባል። ለፕራዶ 150 ጣሪያ በስፋት የሚሠራበት ገደብ 80 ኪሎ ነው፤ ፖርቶመጋላው ራሱም የሚቆጠረው ከዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ለዕቃ የሚተርፈው 55 ኪሎ ነው። ከነቸርኬው 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ስኮርታ ጎማና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከወጣበት አለቀ። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ታዋቂ የፖርቶመጋላ አምራቾች ገደቡን ለ1.5 አካፍሉ ይላሉ። 80 ለ1.5 ሲካፈል 53 ነው፤ ከዚያ ላይ 25 ሲቀነስ 28 ይቀራል። ስኮርታው ብቻውን አለፈው ማለት ነው። «ሦስት መቶ ኪሎ ብትጭንበት አይነቃነቅም» የሚል ሠሪ ስለ ቱቦላሬው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጣሪያው ግን አይደለም።

አሁን ወደ እግሩ። የፋብሪካው ሐዲድ የሚታሰረው ከጣሪያው ሥር ማጠናከሪያ ባለበት በተዘጋጁ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ነው። አዲሱ እግርም ማረፍ ያለበት እነሱ ላይ ብቻ ነው። በነዚህ ነጥቦች መሀል ያለው ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ እግር ቢያርፍበት ይሰምጣል፣ ቢበሱት ያፈሳል። ቢሆንም «ለማጠናከር» ተብሎ መሀል ላይ ተጨማሪ እግር የሚተክሉ አሉ። እምቢ በሉ። እግሩ ከ4 ሚሊ ላሜራ ይታጠፍ፣ ከሥሩ 3 ሚሊ ጎማ ይግባ። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ እግር ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በቀለሙ ሥር ስለሚጀምር ቶሎ አይታይም። ሐዲዱን ሳያነሱ በላዩ ላይ ፍርግርጉን የሚያስሩም አሉ። ይህ ዋጋው የሚረክሰው በምክንያት ነው፤ የፋብሪካው ሐዲድ መያዣ ከብረት ፍርግርግ የሚመጣውን መወዛወዝ ታስቦ አልተሠራም።

ሐዲዱን ማንሳት ቀላል ይመስላል። የጫፍና የመሀል ክዳኖቹ በብረት ካቻቢቴ ከተፈለቀቁ ይሰበራሉ፣ ቀለሙም ይጫራል፤ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይኑራቸው። ብሎኖቹ ላይ ከዋዜማው ማታ የዛገ ብሎን ማላቀቂያው ደብሊውዲ 40 ቢረጭ ጥሩ ነው። የዛገ ብሎን በጉልበት ተጠምዞ ቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ፣ ወይም ጥርሱ ከነመያዣው ከዞረ፣ የውስጡን የጣሪያ ልባስ ማውረድ ግድ ይሆናል። በዚያ መስመር ላይ ደግሞ የጎን ኤርባግ አለ። የባትሪው ኔጌቲቭ ሳይነቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ ማንም እዚያ ውስጥ እጁን አያግባ። ብሎን ቢሰበር ማን እንደሚከፍል ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ።

ውሃ መከላከሉ ላይ ብዙዎቹ የሚያጠፉት ሲሊኮኑ ላይ ነው። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ነው፤ አሲዱ የተጫረን ብረት ያዝጋል። ሽታ የሌለው ኒውትራል ሲሊኮን ወይም የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይጠየቅ። ማሸጊያው በቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በብሎኑ ጥርስ ላይም ይቀባል፤ እንዲደርቅ 24 ሰዓት ይሰጠው። ከዚያ በጎማ ቱቦ ከታች ወደ ላይ 15 ደቂቃ ውሃ ይፍሰስበትና የልባሱ ጠርዝ በእጅ ይዳሰስ። ፍሳሹ ሐምሌ ላይ ከታወቀ ልባሱ ቀድሞ ነው የሚበላሸው።

አንድ ነገር አይታለፍ፦ መኪናው ላይ እንዳለ አይበየድ። ልኩ መኪናው ላይ ይወሰድ፣ ብየዳው ግን ሁሉም መሬት ላይ ይሠራ። የግራይንደር ፍንጣሪ የፊት መስታወቱን ይቆረቁራል፣ ቀለሙ ላይ ተጣብቆም የዝገት ነጠብጣብ ይሆናል፤ የብየዳው ከረንት ደግሞ ለኮምፒውተሩ ጠላት ነው። የቱቦላሬው ጫፍ ይደፈን፣ ከሥሩ ግን 5 ሚሊ የውሃ መውጫ ይበሳ። መውጫ የሌለው ቱቦላሬ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከቀለሙ በፊት አንቲረስት መቀባቱን በዓይናችሁ እዩ፤ የሚዘለለው እሱ ነውና።

ነፋሱን የአዳማ ሰው አይነገረውም፤ ተርባይኖቹ የቆሙት በከንቱ አይደለም። ፍጥነት ከ80 ወደ 120 ሲያድግ የነፋሱ ግፊት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ የአዲስ አበባው የፍጥነት መንገድ ላይ ፖርቶመጋላው የሚፈተነውም በዚህ ነው። የፊት ነፋስ መከፈያ ላሜራ ያሠሩ ሰዎች ጩኸቱ ይቀንስላቸዋል። መከፈያው ከመስታወቱ በላይ ጣሪያውን ሊነካ እስኪል ዝቅ ይበል፣ ግን አይንካው። ፖርቶመጋላው ዕቃ ሳይጫንበት ባዶውን ከሆነ ነዳጅ የሚበላ ጌጥ ነው።

አልሙኒየም ይሻላል ወይ? 40 በ20፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነው ሜትሩ 0.6 ኪሎ ነው፤ ያው ፍርግርግ ወደ 11 ኪሎ ይወርዳል። ይህ 9 ኪሎ ዕቃ ማትረፍ ነው። ሆኖም የጠነከረ አልሙኒየም በአርጎን ሲበየድ በብየዳው አጠገብ ጥንካሬውን ብዙ ያጣል፤ ስለዚህ በብሎን የሚገጣጠመው ይመረጥ። ከብረት እግሩ ጋር በሚነካካበትም የናይለን ሮንዴላ ይግባ፤ አለዚያ እርጥበት ሲያገኘው አልሙኒየሙ ይበላል። የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ባለቤት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። የመኪናው ጣሪያ ዙሪያውን አሸንዳ ስላለው እግሩ እዚያው ላይ ይነክሳል፣ ቀዳዳም አያሻው። ለሃርድቶፕ ከሆነ የአዳማ ሥራ ያለ ማመንታት ይወሰዳል። ለፕራዶ ግን እግሩን በጽሑፍ አስፍሮ ለሚዋዋል ብቻ።

ዳዶዎቹ ውስጣቸው ፕላስቲክ ያለባቸው ይሁኑ። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ መልስ፣ ኮረኮንች ካለበት ደግሞ በየማረፊያው፣ ይፈተሹ። ዳዶውንና ብሎኑን የሚያቋርጥ የቀለም መስመር ከተሠመረ መላላቱ ያለ ቁልፍ ይታያል። የወለቀውን ሐዲድ ከነክዳኑና ከነብሎኑ ብየዳ ቤት ትታችሁ አትሂዱ፤ መኪናውን ስትሸጡ ገዢው ይጠይቃል።