በዚለርታል ጥሩ ምግብ በተመጣጣኝ ዋጋ ላበሉን እናት ምስጋና

የምንኖረው ሙኒክ ነው። በየካቲቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዘን ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ ዚለርታል ወደሚባለው ሸለቆ ለስኪ (ለበረዶ ሸርተቴ) ሄደን ነበር። ይህን የምጽፈው ያረፍንበትን ፔንሲዮን ባለቤት በሰው ፊት ላመሰግናቸው ስለፈለግኩ ነው። ልጅ ይዞ ወደ አልፕስ ለመሄድ ያሰበ ሐበሻም እሳቸው ያሳዩንን አውቆ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

የስኪ ትኬትና የጫማ ኪራይ ዋጋ ከቤት ሳይወጡ ይታወቃል። ኪስ የሚያራቁተው ምግቡ ነው። ተራራው ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ዱቄቱንም መጠጡንም ጋዙንም በአብዛኛው የሚያወጡት በጎንዶላ (በገመድ ላይ በሚሄድ ሳጥን) ወይም በበረዶ መኪና ነው። ገበያቸውም በአብዛኛው የበረዶው ወራት ብቻ ነው። ቢያስወድዱ አልፈርድባቸውም። ግን ለአንድ ሳህን ስፓጌቲ ከ15 ዩሮ በላይ ከፍሎ፣ የልጆቹ ጭማቂ ተጨምሮበት፣ ይህንን በየቀኑ ማድረግ ለእንደኛ ዓይነት ቤተሰብ ከባድ ነው።

የፔንሲዮኑን ባለቤት ስም አልጠራም፤ አደራ ብለውኛል። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ እዚያው መንደር ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ፔንሲዮናቸው የሚሰጠው አልጋና ቁርስ ብቻ ነው፤ እራት የለም። ስለዚህ ወደ ሌላ ምግብ ቤት ቢልኩን ለራሳቸው የሚያገኙት ነገር አልነበረም። የክፍሉን ቁልፍ ሲሰጡን ግን መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ምግብ ነው። ልጆቹ ምን ይወዳሉ? የማትበሉት ነገር አለ? በቀን ለምግብ ስንት ይዛችኋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ቅር ይለኝ ነበር። የእሳቸው ግን ለእኛ ማሰብ ብቻ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

የማንበላው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። አሳማ አንበላም። ሁዳዴም ገብቶ ስለነበር ባለቤቴ ጾመኛ ናት። ቲሮል ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሽፔክ የሚሉት የተጨሰ የአሳማ ሥጋ ክኖድል (የዳቦ ድቡልቡል) ውስጥ አለ፣ ድንች ጥብሱ ውስጥ አለ፣ የገብስ ሾርባው ውስጥ ሳይቀር አለ። ሽኒትዝል የሚሉት በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ የሚጠበስ ስስ ሥጋም እንደዚያው። ኦስትሪያ ውስጥ ቪነር ሽኒትዝል ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የጥጃ ሥጋ ነው፤ ዋጋውም ከበድ ይላል። ረከስ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። «ፑተ ወይም ሁን የሚል ካያችሁ ቱርክና ዶሮ ነው፣ ለልጆቹ እሱን እዘዙ» አሉን። በዚህ ምክራቸው ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ፤ እርግጥ ሐላል መሆኑን ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ የመንደሩን ካርታ ዘረጉና እርሳስ አነሱ። እያንዳንዱ ጋስትሃውስ (የመንደር ምግብ ቤት) አጠገብ የሚዘጋበትን ቀን ጻፉበት። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚያ ብዙ ምግብ ቤት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያርፋል። ወጥ ቤቱም ከምሳ በኋላ ዘግቶ የሚከፍተው ወደ ማታ ነው። የራበው ልጅ በበረዶ ውስጥ እየጎተቱ የተዘጋ በር ላይ መድረስ ምን እንደሚመስል ወላጅ ያውቀዋል። ልክ እራት ሲጀመር፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ ነው ያሉን። እውነትም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ወንበር አይገኝም።

ትልቁ ምክራቸው ግን ስለ ምሳ ነው። በሥራ ቀን ታች ሸለቆው ውስጥ የዕለት ምሳ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ሚታግስሜኑ ይሉታል። የላኩን ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ የቀኑ ምግብ በጠመኔ ተጽፎበታል። ውስጥ የተቀመጡት ሰውን ተራራው ላይ የሚያወጣው ሊፍት ሠራተኞችና በረዶ የሚጠርጉ ሾፌሮች ናቸው፤ ከባድ ጃኬታቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ዝም ብለው ይበላሉ። ሾርባ ይቀድማል፣ ዋናው ምግብ ይከተላል፤ ሁለቱ ተደምረው በዋጋ ከተራራው አንድ ሳህን ስፓጌቲ ያንሳሉ። የስኪ ትኬት ላለው አውቶቡሱ ነፃ ስለሆነ፣ ልጆቹ ጠዋት የስኪ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወርደን እንበላለን። ከሰዓት የፈለገ ተመልሶ ይወጣል።

ለትንሿ ልጃችን ሮይበርቴለር ጠይቁ አሉን። ባዶ ሳህን ከነሹካው ማለት ነው፤ ከእኛ ምግብ እየተካፈለች ትበላለች። ብዙ ቤት ይህን በነፃ ይሰጣል። ጭማቂም ስናዝ የፖም ጭማቂ በቧንቧ ውሃ የተበረዘ በትልቅ ብርጭቆ አድርገን ነው፤ የአገሩ ሰው የሚጠጣው እሱን ነው። በረከስ ያለ ዋጋ ለሁለት ልጅ ይበቃል። ካይዘርሽማረን የሚሉት ጣፋጭ የተቆራረጠ ፓንኬክም አንዱ መጥበሻ ሁለቱን ልጆች አጥግቧል።

የባለቤቴን ነገር ሳልናገር ብቀር ደግሞ ይቆጨኛል። ጾሟን ስታስረዳቸው «ቅቤም? እንቁላልም?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። የካቶሊኮቹም ጾም በዚያው ሳምንት ስለሚገባ ነገሩ አልከበዳቸውም። ወዲያው ስልክ አንስተው ለአንድ ፒዜሪያ ደወሉ። ጠረጴዛ ያዙልን፣ ወጥ ሠሪውንም ራሳቸው አነጋገሩ። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ነው። ከዝርዝሩም በዋጋ ዝቅተኛው እሱ ነበር። ስንደርስ የተጠበሰ ዙኪኒና ቃሪያ ደርበውበት አመጡላት። ለተጨማሪው አላስከፈሏትም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እሷ እንደማትበላ ሲያዩ ምንም አላሉም። ልንወጣ ስንል ግን በወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጇ ላይ አኖሩ። ዳቦ፣ የአፕሪኮት ማርማላታና ሁለት ፖም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አልቀረም። የራስን ምግብ ምግብ ቤት ውስጥ መብላት ብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ ሊፍቱ ጣቢያ አጠገብ ግን አግዳሚ ወንበር አለ። ባለቤቴ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጸሎቷን አድርሳ እዚያ ፀሐይ ላይ ትበላ ነበር።

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጽሑፉን በጀርመንኛ አንብቤ አሰማዎታለሁ።

ሌላ መንደር የምትሄዱ ካላችሁም እንዲህ ያለ፣ ባለቤቶቹ እዚያው የሚኖሩበት ትንሽ ፔንሲዮን ፈልጉ፤ ስትደርሱም የአገሩ ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ ጠይቁ። የእሳቸውን ቤት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ክፍሉ ጥቂት ነው፤ የየካቲት ሳምንታት ደግሞ ከወራት በፊት ያልቃሉ። ስትደውሉ የምትጾሙትንና የማትበሉትን ቀድማችሁ ንገሯቸው።