ብራምስ ወይስ ፍራንክ? የሶናታ ኖታ ከመግዛታችሁ በፊት

ከሮማንቲክ ዘመን (19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን) የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታዎች፣ ማለትም ለሁለቱ መሣሪያዎች ከተጻፉ ባለ ብዙ ክፍል ሥራዎች መካከል ገዢን ሁልጊዜ የሚያወላውሉት ሁለት ናቸው፤ የሙዚቃ ደራሲው የዮሐንስ ብራምስ ቁጥር 1 በጂ ሜጀር (ኦፐስ ማለትም የሥራ ቁጥር 78) እና የሴዛር ፍራንክ በኤ ሜጀር። ብዙ ሰው የቫዮሊኑን ኖታ ገልጦ ይወስናል። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን የፒያኖው ነው።

ፍራንክ ሶናታውን እ.ኤ.አ. በ1886 ለቫዮሊኒስቱ ዩጂን ኢዛይ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ጻፈው። የራሱ እጅ ሰፊ ስለነበር ከኦክታቭ (ከስምንት ኖታ ስፋት) አልፈው እስከ አሥረኛው ኖታ የሚዘረጉ ኮርዶች (በአንዴ የሚመቱ ኖታዎች) አሉበት። እጁ ከኦክታቭ የማያልፍ ፒያኒስት ኮርዱን ከታች ወደ ላይ በትኖ መምታት ይኖርበታል፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ለዚያ ፋታ የለም። እዚያ ፒያኖው ብቻውን በፈጣን ኖታዎች ይነሳል፤ ዜማው በመሃላቸው ስለተቀበረ ፍጥነት ሲበዛ ጫጫታው ብቻ ይቀራል። አራተኛው ክፍል ለጆሮ የዋህ ነው፣ ለተጫዋች ግን አይደለም። ፒያኖው የጀመረውን ዜማ ቫዮሊኑ ከአንድ ባር (በኖታው ላይ በመስመር ከሚለይ አንድ የምት ክፍል) በኋላ ይደግመዋል፤ ፒያኒስቱ ዜማው ማብቂያ ላይ ስሜት ይዞት ቢዘገይ፣ ቫዮሊኑ ገና መሃሉ ላይ ስለሆነ ይጋጫሉ።

የብራምሱ በ1878 እና በ1879 ኦስትሪያ ውስጥ በፐርቻክ የተጻፈ ባለ ሦስት ክፍል ሥራ ነው። የጣት ፍጥነት ብዙም አይጠይቅም፤ ፈተናው ድምፅ ማመጣጠን ነው። ቫዮሊኑ ዝቅ ባለ ለስላሳ ድምፅ ስለሚጀምር ፔዳል (ድምፅ የሚያራዝመውን የእግር መርገጫ) የሚያበዛ ፒያኒስት ወዲያው ይውጠዋል። በሁለተኛው ክፍል ዜማው ሲመለስ ቫዮሊኑ ሁለት ገመድ በአንዴ ስለሚጫወት የቅኝት ስህተት መደበቂያ የለውም። ሦስተኛው ክፍል ብራምስ ራሱ ስለ ዝናብ ካዘጋጀው መዝሙር የተወሰደ ስለሆነ የፒያኖው ሩጫ ካፊያ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም።

አዲስ ለተጣመሩ ሁለት ሰዎች ብራምስን እንመርጣለን። ፍራንክ የሚገዛው ፒያኒስቱ ሁለተኛውን ክፍል በዝግታም ቢሆን ሳይቆራረጥ መጨረስ ሲችል ነው።

ከኅትመቶች ኡርቴክስት የተባለውን (የደራሲውን የመጀመሪያ ጽሑፍ ተከትሎ የሚዘጋጀውን)፣ ለምሳሌ የአሳታሚውን የሄንሌን፣ ውሰዱ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙት የድሮ ቅጂዎች ለንባብ ይበቃሉ፤ ብዙዎቹ ግን አዘጋጁ የጨመረውን የቫዮሊን ቀስት አጎታተት ምልክት ከደራሲው ሳይለዩ ያትማሉ። ጥቅሉ ውስጥ የፒያኖው ደብተርና የቫዮሊኑ ለብቻው መኖራቸውን ፈትሹ። የቼሎ ቅጂ እንዳይሰጣችሁም ተጠንቀቁ፦ የፍራንክ ከሆነ የፒያኖው ክፍል ያገለግላል፣ የብራምስ ግን ወደ ዲ ሜጀር ስለተዛወረ ከቫዮሊን ጋር አይሄድም።