የጄምስታውን የእግር ጉብኝት፣ አክራ፦ ከ5 ኮከብ 4

ለሥራ አክራ ሄጄ ግማሽ ቀን ስለተረፈኝ ነው የያዝኩት። በጣም ወድጄዋለሁ። ቀይና ነጭ ከተቀባው የመርከብ መብራት ማማ ተነስተን፣ የሚጨስ ዓሣ እየሸተተን፣ የድሮው እስር ቤት ጄምስ ፎርት ደጃፍ ደረስን። የጋና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ የታሰረው እዚህ ነው።

አስጎብኚው ወጣት ነው፣ ግን ታሪክ ሲያወራ ልብ ይሰቅላል። ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ገና በእንግሊዝ እጅ እያለች፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1951 የሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ ንክሩማ የተወዳደረው ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ነው። ለፓርቲው የሚልከውን መልእክት በሽንት ቤት ወረቀት ላይ እየጻፈ በድብቅ ያስወጣ ነበር። ልጁ ሶፍት ሰጠኝና «እስኪ ስምሽን ጻፊበት» አለኝ። ሁለት ፊደል ሳልጽፍ ተቀደደ። ያኔ ነው ነገሩ ከልቤ የገባኝ!

አክራ ላይ ከ23,122 ድምፅ 22,780ውን አገኘ። ፓርቲው ደግሞ ሕዝብ ከሚመርጣቸው 38 መቀመጫዎች 34ቱን ጠራርጎ ወሰደ። እንግሊዞቹ ምን አማራጭ ነበራቸው? አገረ ገዢው አርደን ክላርክ ከምርጫው ከ4 ቀን በኋላ ፈታው፣ መንግሥቱን እንዲመራም ጠራው።

አዲስ አበባ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ያለውን ሐውልቱን ስንት ጊዜ አይቼ አልፌያለሁ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በስልክ ከተስማማነው ዋጋ በላይ መጨረሻ ላይ ስለጠየቁኝ ነው። ዋጋውን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጨርሱ። ጠዋት በማለዳ ሂዱ፣ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ አይቻልም።