ከመኪና መውረድን የሚጠይቅ የመኪና መንገድ፦ የኮሎራዶው አልፓይን ሉፕ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ በሳን ሁዋን ተራሮች መካከል የሚዞረው አልፓይን ሉፕ 105 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን ሌክ ሲቲ፣ ሲልቨርተንና ዩሬይ የተባሉትን ሦስት የቀድሞ የማዕድን ከተሞች ያገናኛል። አብዛኛው ክፍሉ በ19ኛው መቶ ዘመን ማዕድን ፈላጊዎች በበቅሎና በጋሪ ይመላለሱበት የነበረው ኮረኮንች መንገድ ነው። ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አቀበቱ፣ ስለ ገደሉና ስለሚፈልገው የመኪና ጉልበት ነው። እኔ ግን በመስከረም አጋማሽ አንድ ሙሉ ቀን ካሳለፍሁበት በኋላ መንገዱ የሚመሰገነው ለነጂው በሚሰጠው ፈተና ሳይሆን መኪናውን አቁሞ ለሚወርድ ሰው በሚያሳየው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዞውን ከየት መጀመር እንደሚገባ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ከዩሬይ በስተደቡብ ከአውራ ጎዳና 550 ተገንጥሎ የሚወጣው ክፍል ጠባብና ደረጃ በሚመስሉ አለቶች የተሞላ ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም። እኔ የመረጥሁት ከሌክ ሲቲ ተነሥቶ የሄንሰንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ኢንጂነር በር (በር ያልሁት በተራሮች መካከል ያለውን ከፍተኛ ማለፊያ ነው) የሚወጣውን፣ ከዚያም ወደ ተተወችው የማዕድን ከተማ ወደ አኒማስ ፎርክስ ወርዶ በሲናሞን በር በኩል ወደ ሌክ ሲቲ የሚመልሰውን ዙር ነው። ይህ ዙር ክፉውን ክፍል ያስቀራል፤ ሆኖም ከመሬት ከፍ ያለና በአራቱም ጎማዎቹ የሚጎትት መኪና ግድ ነው፤ ቁልቁለቱንም በፍሬን ብቻ ሳይሆን ሪዶታ (ዝቅተኛውን የጉልበት ማርሽ) አስገብቶ በማርሽ መውረድ ይገባል።

የደኑ ውበት ያለው በዚህ በሄንሰን ሸለቆ ነው። ጥቁር አረንጓዴ በሆኑት፣ ጥድ በሚመስሉት የስፕሩስ ዛፎች መካከል አስፐን የተባለው ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ወርቃማ ቢጫ ተለውጦ ነበር፤ ነፋስ በነካው ቁጥርም ቅጠሉ ይንሾካሾካል። ከሌክ ሲቲ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዝን ዩት-ዩሌይ የተባለው የብርና የእርሳስ ማዕድን ሕንጻዎች በመንገዱ ዳር ታዩን። የምድሩ ባለቤቶች የነበሩት የዩት ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1873 በተፈረመው የብሩኖት ስምምነት እነዚህን ተራሮች አጥተዋል፤ ስማቸው ግን ከምድራቸው ባስወጣቸው የማዕድን ጉድጓድ ላይ ቀርቷል። በ1899 በዚህ ስፍራ ይሠሩ የነበሩ ጣሊያናውያን፣ ያላገቡ ሠራተኞች በኩባንያው ማደሪያ ካልሆነ በቀር እንዳይኖሩ በመገደዳቸው አድማ መትተው፣ የግዛቱ ጦር እስከመላክ ተደርሶ ነበር። ብዙ መኪኖች ይህን ስፍራ ፎቶግራፍ እንኳ ሳያነሡ ያልፉታል።

ከዚያ በላይ ዛፉ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይጠፋል። ኢንጂነር በር 3,900 ሜትር፣ ሲናሞን በር ደግሞ 3,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመኪና ባሌ ሰነቴ አምባ ላይ የወጣ አንባቢ ከፍታው አያስደንቀውም፤ ራስ ምታቱንና ብርዱን ግን ያስታውሰዋል። ዙሪያውን የሚታየው ሰንሰለታማ ተራራ ግሩም ነው፤ ነፋሱ ብዙ ስላላስቆመን እኔም ብዙ አልጽፍበትም።

የጉዞው ልብ በ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው አኒማስ ፎርክስ ናት። የመጀመሪያው የግንድ ቤት የተሠራው በ1873 ሲሆን፣ በ1883 ገደማ ከተማዋ ሆቴል፣ ፖስታ ቤት፣ ሱቅና መጠጥ ቤት ያላት፣ 450 ያህል ነዋሪዎች የሚኖሩባት ሆና ነበር። አብዛኞቹ የበረዶው ወራት ሲቃረብ ወደ ሲልቨርተን ይወርዱ ነበር። በ1884 የጣለው በረዶ ለ23 ቀናት ሳያቋርጥ ቆይቶ ከሰባት ሜትር በላይ በመከመሩ፣ የቀሩት ሰዎች ከቤት ወደ ቤት ለመሄድ በበረዶው ውስጥ ዋሻ መቆፈር እንደነበረባቸው ይነገራል። በ1891 እሳት ብዙውን የከተማዋን ክፍል በላው፤ በ1893 ደግሞ የብር ማዕድን ዋጋ ወደቀ። በ1904 የተሠራው ጎልድ ፕሪንስ የተባለ ታላቅ የማዕድን መፍጫ ለጥቂት ዓመታት ነፍስ ቢዘራባትም በ1910 ተዘጋ፤ በ1917 አብዛኛው አካሉ ተነቅሎ በአቅራቢያው ወዳለችው ዩሬካ ተወሰደ። ዛሬ የቀረው የሲሚንቶ መሠረቱ ብቻ ነው።

ቤቶቹ ግን አሉ፤ ግድግዳቸው እንዳይወድቅ ተደግፎ፣ ጣሪያቸው ተጠግኖ ክፍት ስለተተዉ ሰው ገብቶ ሊያያቸው ይችላል። በ1879 የተሠራው የደንከን ቤት ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ መስኮት አለው፤ በዚያ መስኮት ቆሜ ሸለቆውን ስመለከት፣ በሰባት ሜትር በረዶ ሥር ሊቀበር በሚችል ቤት ላይ ይህን የሚያህል መስታወት ለመግጠም የደፈረ ሰው ምን ያህል ተስፋ ነበረው ብዬ ተገረምሁ። የእንጨቱ ሽታ እንኳ አልጠፋም። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የማብራሪያ ሰሌዳዎቹ ስለ ሀብትና ስለ ግንባታ በቂ ሲናገሩ ስለ ጉድጓድ ሠራተኞቹ ኑሮ የሚሉት ጥቂት ነው።

በየዳገቱ የፈሰሰው ቢጫና ግራጫ የድንጋይ ክምር ውብ መስሎ ቢታይም ከተዘጉ ጉድጓዶች የወጣ ተረፈ ምርት ነው። ወንዙም ዋጋውን ከፍሏል፦ ነሐሴ 5 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ከሲልቨርተን በላይ ካለው ጎልድ ኪንግ ጉድጓድ 11 ሚሊዮን ሊትር ያህል የተበከለ ውሃ ፈንድቶ ወጥቶ የአኒማስን ወንዝ ብርቱካናማ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ከጉድጓድ አፍ ከሚፈስ ውሃ መራቅ፣ ወደ ውስጥም አለመግባት ይገባል።

ለመግቢያ የሚከፈል ነገር የለም፤ በዙሩ ላይ ግን ነዳጅ አይገኝም፣ ስልክም በአብዛኛው አይሠራም። መኪናውን ያከራየን ድርጅት ትርፍ ጎማው አየር እንደሌለው አላስተዋለም፤ ከመነሣታችን በፊት ክሪኩን ስፈልግ ባላየው ኖሮ ቀኑ በሌላ መልክ ያልቅ ነበር። በጠባቡ መንገድ ቅድሚያ ለሚወጣው መኪና ይሰጣል፤ ይህን የማያውቁ ሁለት ነጂዎች በሲናሞን በር አቅራቢያ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቁመውናል። ለአኒማስ ፎርክስ የመደብሁት አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ሌክ ሲቲ አጠገብ ወዳለው ሳን ክሪስቶባል ሐይቅ ስደርስ መሽቶ ነበር። በድጋሚ ብሄድ በንጋት ተነሥቼ ዩት-ዩሌይ ላይ ሌላ አንድ ሰዓት እጨምራለሁ።